ለክፉ ቀን የታጠረ ሳር

ከሐርተሼክ ወጣ ብሎ፣ ድሮ የስደተኞች ሰፈር በነበረበት ሜዳ ጫፍ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። በአንድ በኩል አረንጓዴ ዛፍ፣ በሌላ በኩል ነጭ አውሮፕላን ተስሎበታል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሾፌራችን መኪናውን አቁሞ በመስኮት ብቅ አለና፣ «እዚህ ደግሞ ኤርፖርት ሊሠሩ ነው እንዴ? የጅጅጋው መቼ ሞላና!» አለ። አልሳቅሁም። ሥዕሉን ሳይ ለእኔም የመጣልኝ ይኸው ነበር።

ኤርፖርት አልነበረም። የሳር መከለያ ነበር፤ ያውም ሳሩ ገና ያልበቀለ። የስደተኞቹ ሰፈር በነበረበት ዘመን ዛፉ ለማገዶና ለጎጆ ተቆርጦ አልቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳው ነፋስ አፈሩን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስበት የኖረ ባዶ መሬት ነው። ፕሮጀክቱ የመጣው ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ምንነቱን ለእኛ ለጋዜጠኞች ያስረዳን፣ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተባባሪ ነው። የደን ትምህርት የተማረ፣ ቃላት የሚመርጥ፣ ጥያቄ የማይፈራ ሰው ነበር።

አውሮፕላን የሚያወጣው ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ ነገረን። ጉዳቱን ለመቀነስ ብዙ መንገድ አለ አለ፤ ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር መሥራት፣ ከተክል የሚገኝ ነዳጅ መጠቀም፣ የበረራ መስመር ማሳጠር፣ ሲቻልም አለመብረር። ግን ሁሉም ጊዜ ይወስዳል፤ ውድም ነው። እስከዚያው በሌላ አገር የሚበሩ ሰዎች ትኬት ሲቆርጡ ትንሽ ጨምረው ይከፍላሉ። በዚያ ገንዘብ የተራቆተ መሬት ይከለላል። የሚበቅለው ሳርና ቁጥቋጦ ከአየር ላይ ካርቦኑን እየሳበ አፈር ውስጥ ያስቀምጠዋል።

«እነሱ ይበራሉ፣ የሐርተሼክ ሳር ያጸዳላቸዋል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በአጭሩ እንደዚያ ነው። ግን እንደዚያ ብለው አይጻፉት» አለኝ እየሳቀ።

እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት። በማግስቱ ደወለ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ የተሳሳትኩትን የአንድ ቀበሌ ስም ብቻ አርሞልኝ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የሚነግረኝን ነገር ማመን ጀመርኩ፤ በእኔ ሥራ ይህ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም።

ስምምነቱ በተደረገ ቀን ሜዳው ላይ ነበርኩ። ዛፍ ስለሌለ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቢርካው አጠገብ በተወጠረ ሸራ ሥር ነው። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለበጠ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በሐርተሼክ አካባቢ ቆፍረው ውሃ ስለማያገኙ ሰውም ከብትም የሚኖረው በእሱ ነው። የዚያ ቢርካ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ውሃ መያዝ አቁሞ ነበር።

ዋናው ሽማግሌ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ቀጭን፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበት ሰው ነበር። ከንግግሩ ሁሉ በፊት አስተባባሪውን፣ «ከአዲስ አበባ በምን መጣችሁ?» ብሎ ጠየቀው።

«በአውሮፕላን።»

«የምትመለሱትስ?»

«በአውሮፕላን» አለ አስተባባሪው፤ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶት ፈገግ አለ።

«እንግዲያው ሳሩ ሳይበቅል ሥራ በዝቶበታል በሉኛ!»

ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አስተባባሪውም አብሮ ሳቀ።

ሶማሊኛ የተማርኩት በልጅነቴ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ ሳቦካ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ያነጋገረው አስተርጓሚ አንድም ነገር እንዳልጨመረ፣ እንዳልቀነሰ አውቃለሁ። ይህን የምለው በኋላ ጥፋቱን እሱ ላይ የጣሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አስተባባሪው መሬቱ እንደሚታጠር፣ ለብዙ ዓመት ከብት እንደማይገባበት ተናገረ። በምትኩ ፕሮጀክቱ ቢርካውን ይጠግናል፤ ደረቅ ወራት ሲመጡ ደግሞ በቦቴ ውሃ ያመላልሳል። አስተርጓሚው ይህንኑ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ሰሙ።

ሽማግሌው በትሩን ከትከሻው አወረደ። «ይህማ ሴሬ ነው!» አለ። «አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እኛ ነን የተውነው።»

ሴሬ እነሱ ዘንድ የተከለለ ግጦሽ ነው። መልካም ዓመት ላይ ከብት አይገባበትም፤ የገባበት ሰው ይቀጣል፤ ሳሩ ሳይታጨድ እንደቆመ ደርቆ እንዲከማች ይተዋል። አስተባባሪው ፊቱ በራ። የሕዝቡ የራሱ ባህል ነው ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ስለዚህም ነገር ለአለቆቹ እንደሚጽፍ ነገረኝ።

እኔ፣ «ድርቅ ከመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ድርቅን ሳይጠይቅ ከዚያ አገር የሚመለስ ጋዜጠኛ የለም።

«ለድርቅ ቦቴው አለ» አለ አስተባባሪው።

«ለድርቅ ሳሩ አለ» አለ ሽማግሌው።

ሁለቱም መልሳቸውን የሰጡት ለእኔ ነው፤ እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ሁለቱንም መልስ በዜናው ውስጥ አስገባሁ። ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚጣሉ አይመስሉም። ያን ቀን ከነበርነው ሰዎች ለአንዳችንም አልመሰለንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ዓመት ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ያማረ ነበር። ሳሩ በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጺም ቦታ ቦታ እየለየ፣ ቀጥሎ ሜዳውን ሸፈነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት ቀይ፣ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ይለያል። ቆቅ ገባበት። ቢርካው ተጠግኖ ውሃ ያዘ፤ በደረቅ ወራትም ቦቴው ይመላለስ ነበር። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት አጥሩን ሳይዞር ሻይ አይጠጣም ነበር። ቤቱ ስንሄድ ሚስቱ የግመል ወተት ያለበት ሻይ እየቀዳች ትነግረኝ ነበር።

«አባዮ፣ ይህ ሰውዬ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል፣ አልሰማሽም?» አባዮ እህቴ ማለት ነው። «እሷን ሳያይ አያድርም። ያውም የማትናገር! እድሉ ነው።»

«አንቺ አፍሽን ብትዘጊ ኖሮ እኔም አንቺን እዞርሽ ነበር» ይላታል እሱ።

በየጊዜው ፈረንጆች በአውሮፕላን ጅጅጋ ይገባሉ። ሳሩን በካሬ እየለኩ ያጭዳሉ፣ ይመዝናሉ፣ አፈሩን በቱቦ ያወጣሉ፣ ይሄዳሉ። የቀረውን ጊዜ ሜዳውን ሳተላይት ያየዋል። ሾፌራችን፣ «ከላይ የሚያየን እግዜር ብቻ መስሎኝ ነበር» ይል ነበር።

የ2014ቱ ድርቅ እንዴት እንደገባ ለዚያ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ቀረ፤ ከእሱ ቀጥሎ ይጠበቅ የነበረውም ቀረ፤ እንደገና ቀረ። ይህ ድርቅ በአውሮፕላን ጭስ የመጣ ነው ብዬ አልጻፍኩም፣ አሁንም አልጽፍም። አንድን ድርቅ ከአንድ ጭስ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አልያዝኩም። በዚያ መንገድ ስመላለስ ያየሁትን ግን ጽፌያለሁ። ከቀብሪ በያህ ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀ ከብት ነበር፤ ሽታው መስኮት ቢዘጋም ይገባል። ሾፌራችን ቀልዱን አቆመ። እሱ ዝም ሲል ነበር ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የሚገባኝ።

እንግዶቹ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከደገሃቡር ወዲያ የተነሡ፣ በልጁ ጋብቻ የሽማግሌው አማቾች የሆኑ ቤተሰቦች የተረፋቸውን በግና ላም እየነዱ፣ የማይነዳውን እየደገፉ፣ አጥሩ ሥር ደረሱና ሰፈሩ። ምንም አልጠየቁም። በዚያ አገር የተራበ ከብት ይዞ የመጣ ሰው መጠየቅ የለበትም፤ ባለአገሩ ነው የሚናገረው። ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ዘረጉ፤ ከብቶቹ አፍንጫቸውን በሽቦው መካከል አስገብተው ቆሙ።

አስተባባሪው ወሬውን ሰምቶ ከጅጅጋ በጥድፊያ መጣ። እኔም በዚያው ቀን እዚያ ነበርኩ። ሽማግሌው አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ነገ እከፍታለሁ» አለው። ማስታወቁ ነበር እንጂ ፈቃድ መጠየቁ አልነበረም።

«አይቻልም፣ አዴር» አለ አስተባባሪው። ሶማሊኛ ጥቂት ለምዶ ስለነበር ሽማግሌውን አጎቴ ብሎ ነበር የሚጠራው። «ከብት አይገባም ተባብለናል።»

«ተባብለናል፤ አስገብቼ አውቃለሁ? ልጄ የራሱን ፍየል ሲያስገባ ቀጥቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን ክፉው ዓመት መጣ። ሳሩን ያጠርነው ለምንድን ነው?»

«እንዳይጋጥ።»

«እስከ መቼ እንዳይጋጥ?»

አስተባባሪው ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ግን አስተርጓሚ አልነበርኩም፤ ብሆንም የምጨምረው ቃል አልነበረኝም። «ጭራሽ እንዳይጋጥ» አለ በመጨረሻ። «ካርቦኑ አፈሩ ውስጥ የሚቆየው ሳሩ ሲቆይ ነው።»

ሽማግሌው ቆጣ ያለ ድምፅ አላሰማም። የገረመው ሰው ድምፅ ነበር። «የማይከፈት ሴሬ?» አለ። «እንደዚህ ያለ ነገር ማን ያጥራል? ምግብ ደብቀህ ልጅህ ሲራብ ካልሰጠኸው ለማን ነው የደበቅኸው?»

አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ ሌሎቹም እንደገባቸው ከፊታቸው አየሁ። ያን ዕለት ሸራው ሥር ማንም ማንንም አላታለለም። ሽማግሌው ክፉ ዓመት ሲመጣ እንደሚከፈት ያልተናገረው፣ ይህን የሚነገር ነገር ነው ብሎ ስላላሰበ ነው፤ መዝጋት ማለት ለእሱ ለመክፈት ነው። አስተባባሪው ደግሞ በድርቅም ቢሆን እንደማይከፈት ያልተናገረው፣ «ለብዙ ዓመት» ሲል ያንንም ጭምር የተናገረ መስሎት ነው።

«ከከፈትህ ሳተላይቱ ያየዋል» አለ አስተባባሪው። «ውሉ ይፈርሳል። ቦቴው ይቆማል። የምልህ ለማስፈራራት አይደለም፣ አዴር። እኔ አይደለሁም የማቆመው።»

እስኪ አለቆቼን ልጠይቅ ብሎ የጥቂት ቀን ጊዜ ለመነ። ሽማግሌው ሰጠው። አስተባባሪው በእርግጥ እንደጠየቀ አውቃለሁ፤ ጅጅጋ ቢሮው ሄጄ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ከፊሉ ብቻ ይጋጥ፣ ዳሩ ብቻ ይከፈት፣ ሳሩ ታጭዶ ይሰጣቸው እያለ ነበር። ስልኩን ዘጋው።

«ምን አሉህ?»

«ሳሩ ተሽጧል አሉ። የዚህ ዓመት ሥራው ማለቴ ነው፣ የሚስበው ካርቦን። ሰዎቹ ከፍለው በርረውበታል። አሁን ከተጋጠ የእነሱ ጭስ ሳይጸዳ ቀረ ማለት ነው፤ ድርጅቱ ዋሸ ይባላል።»

ሾፌራችን በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «አንዴ የበረረ ሰው እንግዲህ ምን ይደረግ?» አለ። «ወደ ኋላ ይብረርላቸው?» ማንም አልሳቀም፤ እሱም እንዲሳቅለት አልፈለገም።

መልሱን ይዘን ስንመለስ ሽማግሌው ቤት ክርክሩ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሚስቱ ባዶ ጀሪካን ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ከብቱ የእሱ ነው፤ ውሃው ግን የእሷ ሥራ ነው፤ ቦቴው ከመምጣቱ በፊት ከየት ከየት እንደምታመጣው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

«ክፈት» አለችው። «ክፈትና ስምህ ይነሣ። ሳሩ ለእንግዳ፣ ጥሙ ለእኔ።»

«ያንቺስ እናት ብትሆን አጥሩ ሥር የተቀመጠችው?»

«እናቴ ብትሆን አትከፍትም ነበር!»

ከውጭ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ሳሩን እያዩ እንዲሞቱ ላድርግ?» አላት ቀስ ብሎ። «በእኛ አጥር ሥር? ከዚያ በኋላ በየትኛው አገር ነው ከብት ይዤ የምሄደው? ማን ነው የሚከፍትልኝ?»

እሷ ጀሪካኑን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ራሱ ከፈተው። ሽቦውን አልቆረጠም፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ጠቀለለና አጥሩ ላይ ሰቀለው፣ ኋላ መልሶ እንደሚዘጋው ሰው። ከብቶቹ እየተጋፉ ይገባሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አቅም አልነበራቸውም። አንድ በአንድ ገቡ፤ አንዳንዶቹ በሩ ላይ ተንበረከኩና እንደተንበረከኩ መጋጥ ጀመሩ። ድምፅ አልነበረም፤ የሚሰማው የጥርስ ብቻ ነው። የእንግዶቹ መሪ የሆነው ሰው ሽማግሌውን በሁለት እጁ ያዘው እንጂ አላመሰገነውም። አስተባባሪውም ነበር። ሊያስቆም አልሞከረም። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ፊቱን ወደ ሐርተሼክ አዞረ።

ቦቴው ቆመ። ማንም ደውሎ ቆሟል አላለም፤ በሚመጣበት ቀን አልመጣም።

ቀጥሎ የሆነውን ከብት የሚያውቅ ሰው ገና ሳልነግረው ያውቀዋል። የቆየ ደረቅ ሳር የበላ ከብት ውሃ ይፈልጋል፤ ከተራበው ከብት ይልቅ አብዝቶ ይፈልጋል። ቢርካው ውስጥ የቀረው ውሃ ለሰው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እንግዶቹ ውሃ ፍለጋ ሲመላለሱ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ላሞቹ፣ ከዚያ በጎቹ። የሽማግሌውም አልተረፈም። ለመጨረሻ ጊዜ ያን ሜዳ ሳየው ውስጡም ውጭውም አንድ ቀለም ሆኖ ነበር፤ አጥሩ የት እንደነበረ የሚያስታውቀው የሬሳው ብዛት ነው። ይህን ሁሉ ዘገብኩ። ሙያዬ የሚያዘውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ የሁሉንም ወገን ቃል ወስጃለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም ብያለሁ። ዘገባው ወጣ። ምንም አልተለወጠም።

ፕሮጀክቱ ሽቦውንና ምሰሶውን በጭነት መኪና አስነሣ፤ ንብረቱ ነው። አስተባባሪው ወደ ሌላ ክልል ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ጅጅጋ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን።

«የተሸጠውስ ምን ሆነ?» አልሁት። «ያ ጭስ አልጸዳም ማለት ነው?»

«ተተክቷል» አለኝ። «እንደዚህ ላለው ጊዜ መጠባበቂያ አለ። በሌላ አገር ያለ ሌላ መሬት ተተካበት። ከላይ ለሚያየው ምንም አልጎደለም።» ሻዩን ሳይጠጣው ብዙ አማሰለው። «በእኛ በኩል የጠፋው የሚቆጠርበት ቦታ የለም። ፈልጌ ነበር።»

እሱ ወደ ተመደበበት የሄደው በአውሮፕላን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት፤ በመኪና የሚወስደውን ጊዜ ቢሮዬ አይሰጠኝም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመክሰስ አይደለም። የማልበርበትን መንገድ ፈልጌ እንዳላገኘሁ ለመናገር ነው፤ የሐርተሼክን ሳር ጋጥ አድርጎ የሚያልፍ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጡትም ብዙዎቹ እንደ እኔ ይመስሉኛል።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌውን ቀብሪ በያህ ዳር፣ ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች በሰፈሩበት ቦታ አገኘሁት። ጎጆው በሸራና በካርቶን የተሠራ ነው። ጢሙን ሂና መቀባት ትቷል። ከመሬት ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ የሚያስቀምጠኝ ስላልነበረው ጃኬቱን አውልቆ አነጠፈልኝ። ከእንግዶቹ ጥቂቶቹ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ፣ ያ በሁለት እጁ የያዘው ሰውዬ ጅጅጋ ውስጥ የሸክም ሥራ እንደሚሠራ ነገረኝ። መክፈቱን እንደተጸጸተበት ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ይልቅ እሱ ነው የጠየቀኝ።

«አባዮ፣ አንቺ ይህን ታውቂ ይሆናል። እነዚያ በሳራችን የበረሩት ሰዎች…»

«እህ?»

«በደህና ደረሱ?»

 የሚያሾፍ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አላሾፈም። ሰው መንገድ ከሄደ ደርሶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ያንን ነው የጠየቀኝ።

«ደርሰዋል፣ አዴር» አልሁት። «ከደረሱ ቆይተዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሚስቱ ከጎጆው ውስጥ፣ «ስለ ቦቴው ጠይቃት!» አለችው። «ይመጣል ወይ በላት!»

ሰምቷታል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። አልጠየቀኝም።